የሻማው ጢስ፤ ስለ መንግሥት ጨረታ ታሪክና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

«ተጫራቾች ዋጋቸውን በሰም በታሸገ ፖስታ አድርገው ለዚሁ በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ እንዲያስገቡ፤ ጨረታውም ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል፤ መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።» ይህን አነጋገር በጋዜጣ ላይ ያላነበበ ሰው በአገራችን ይገኛል ብለን አንገምትም። ከመደጋገሙ ብዛት የተነሣ ዓይናችን እየዘለለው ያልፋል። ነገር ግን ቆም ብሎ ለተመለከተው ሰው ከእያንዳንዱ ቃል በስተኋላ አንድ የተንኰል ታሪክ ይገኛል። ሰሙ የተጨመረው ፖስታውን አስቀድሞ የሚከፍት እጅ ስለ ነበረ ነው። ሳጥኑ የተቈለፈው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ዋጋ የሚያስገባ ሰው ስለ ነበረ ነው። ተጫራቾቹ ራሳቸው እንዲገኙ የተደረገውም የተጻፈው ዋጋና የተነበበው ዋጋ የሚለያዩበት ጊዜ ስለ ነበረ ነው።

የመንግሥት ገንዘብ የብዙ ሰው ላብ ነው፤ ባለቤቱ ሕዝብ ግን ግዥው በሚፈጸምበት ክፍል ውስጥ አይገኝም። ጨረታ የተፈጠረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባለቤቱ በሌለበት የሚገዛ ሰው ሁሉ በሥርዐት መታሰር ያስፈልገዋል። በዛሬ ጊዜ በገዥና በሻጭ መካከል ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ገብቶ፣ የጨረታ ሰነድ የሚያነብ፣ ዋጋ የሚያመዛዝን፣ አጭበርባሪን የሚጠቁም ሆኗል። አንዳንዶች ይህን የተንኰል ሁሉ ፍጻሜ አድርገው ይናገሩለታል። እኛ ደግሞ በመዝገብና በሰነድ መካከል የምንውል ሰዎች እንደ መሆናችን፣ አዲሱን ነገር በአሮጌው ታሪክ መለካት ይሻላል ብለን ስለምናምን ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን ለመናገር እንወዳለን።

የጥንት ሮማውያን የመንግሥትን ሥራ በጨረታ ለነጋዴ ሲሰጡ በአደባባይ ጦር ይተክሉ ነበር። ጦሩ የመንግሥት ሥልጣን ምልክት ነው። ከዚህም የተነሣ ጨረታ በላቲን ቋንቋ «ከጦሩ በታች» ተባለ፤ በኢጣልያንኛም እስከ ዛሬ ድረስ የጨረታ ስሙ «አስታ» ነው፤ ትርጓሜውም ጦር ማለት ነው። ታዲያ ጦር የተተከለበት ጨረታ እንኳ ከተንኰል አልዳነም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215 ዓመት፣ ሮማ ከሐኒባል ጋራ በምትዋጋበት ጊዜ፣ በእስፓንያ ያለው ሠራዊት አዛዦች ለወታደሩ ልብስና ስንዴ እንዲላክላቸው ወደ ሮማ ጻፉ። የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ባዶ ነበር። በዚህ ጊዜ 19 ነጋዴዎች በሦስት ማኅበር ሆነው ቀረቡና ዕቃውን በዱቤ ለማቅረብ ተዋዋሉ። ሁለት ነገር ብቻ ለመኑ፤ በውሉ ዘመን ከዘመቻ ነፃ እንዲሆኑና በመርከብ የተጫነው ዕቃ በጠላት ወይም በማዕበል ቢጠፋ ጉዳቱ የመንግሥት እንዲሆን።

ልመናው ተፈቀደ፤ ሠራዊቱም ስንቁን አገኘ። ዳሩ ግን ሁለተኛው የውል ቃል ክፉ ፍሬ አፈራ። የታሪክ ጸሐፊው ሊቪዩስ እንደሚነግረን፣ ማርቆስ ፖስቱሚዩስ የተባለ የጲርጊ ሰው ከባልንጀራው ጋራ ሆኖ ያረጁና የተሰባበሩ መርከቦችን እየፈለገ፣ ጥቂት ዋጋ ቢስ ዕቃ እየጫነ፣ በባሕር መካከል ሆን ብሎ ያሰጥማቸው ነበር። መርከበኞቹ አስቀድሞ በተዘጋጀ ጀልባ ይተርፋሉ፤ ከዚያም ብዙና ውድ ዕቃ እንደ ጠፋ ተደርጎ ካሣው ከመንግሥት ይጠየቃል። ነገሩ ወደ ሴኔቱ ደረሰ፤ ሴኔቱ ግን ዝም አለ። በጦርነት ጊዜ እነዚያን ባለጸጎች ማስቀየም አልፈለገም። በ212 ዓመት ሁለት የሕዝብ እንደራሴዎች ደፍረው ከሰሱና 200,000 አስ የተባለውን የሮማ ገንዘብ ቅጣት ጠየቁ። በፍርዱ ቀን ነጋዴዎቹ በጉልበት ገብተው ጉባኤውን አወኩት። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የከበደው፤ ፖስቱሚዩስ ተሰደደ፤ ከግብረ አበሮቹም የታሰረ ታሰረ። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ ሴኔቱ ማስረጃ አጥቶ እንዳልነበር ነው። ማጭበርበሩ ታውቆ ነበር፤ የታጣው የሚፈርድ ሰው ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

ከሮማ ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች አንዳንዱን ጨረታ በሻማ ያካሂዱ ነበር። አንድ ጣት የምታህል ሻማ ትበራና ተጫራቾች ዋጋ እየጨመሩ ይጠራሉ፤ ነበልባሉ ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ሰው አሸናፊ ይሆናል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ጨረታው የሚዘጋበትን ቅጽበት ሹሙም ነጋዴውም አያውቀውም፤ ስለዚህ ሹሙ ለወዳጁ ሰዓት ሊያዘገይለት አይችልም። የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ በ1660 እ.ኤ.አ. አሮጌ መርከቦች በዚህ ዓይነት ሲሸጡ ተመልክቶ በማስታወሻው ጽፏል። በ1662 ደግሞ የሚያስገርም ነገር አስተዋለ። ከተጫራቾች አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ቅጽበት ይጠራ ነበር። ምሥጢሩን ቢጠይቁት ሻማው ሊጠፋ ሲል ጢሱ ወደ ታች እንደሚወርድ መመልከቱን ነገራቸው። ሌሎቹ ነበልባሉን ሲያዩ እርሱ ጢሱን ያይ ነበር።

ይህ ሰው ሕግ አልጣሰም፤ ጉቦም አልሰጠም። ነገር ግን ለሁሉ እኩል ይሆናል የተባለው ሥርዐት ምልክቱን ላወቀ ሰው እኩል መሆኑ ቀረ። ከዚህ በኋላ ስለሚመጣው ዘመን ስንናገር ይህን የሻማ ጢስ አንባቢ እንዳይረሳብን እንለምናለን።

በፈረንሳይም በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ የምሽግ መሐንዲስ ቮባን ለጦር ሚኒስትሩ ለሉቧ አንድ የምሬት ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሥራው ሁሉ ዝቅተኛ ዋጋ ለሰጠ ሰው እየተሰጠ ብዙ ግንብ ሳይጨረስ መቅረቱን፣ በዚህም ዓይነት ውል የሚገባው ችሎታ የሌለው ወይም የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው መሆኑን አመልክቶ፣ ለሥራው ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ መልካሙን ሠራተኛ መያዝ እንደሚሻል መከረ። ደብዳቤው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የግምገማ ኮሚቴ ውስጥ ግን ክርክሩ ትናንት የተጀመረ ይመስላል። በአሜሪካም በ1809 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የመንግሥት ግዥ በግልጽ ገበያ ወይም አስቀድሞ ማስታወቂያ በማውጣት እንዲሆን አዘዘ። ይሁን እንጂ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለወታደር የቀረበው ልብስ በዝናብ የሚበጣጠስ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ1863 መንግሥትን በሐሰት ሒሳብ ያታለለውን የሚከስ ማንም ሰው ከሚመለሰው ገንዘብ እኩሌታውን እንዲወስድ ተደነገገ። ለጠቋሚው ዋጋ ተሰጠው ማለት ነው።

እንዲህ እያለ የታሸገው ፖስታ በዓለም ሁሉ ሥርዐት ሆነ። ፖስታው ሹሙን ከነጋዴው ይለየዋል፤ ነጋዴውን ከነጋዴው ግን አይለየውም። ተጫራቾቹ ከሳጥኑ በፊት ቡና ቤት ተገናኝተው «ይህ የአንተ፣ የሚመጣው የእኔ» ከተባባሉ ሰሙ ምን ይጠብቃል? እዚህ ላይ ከአገራችን አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። ለትንንሽ ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ የሚሰበሰብ መሆኑ ይታወቃል። በግዥ ክፍል ዘመናቸውን የፈጁ ሰዎች ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ሲመለከቱ ማኅተሙ ሦስት፣ የፊደሉ ስሕተት ግን አንድ ሆኖ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። አንዱ ቃል በሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ተሳስቶ ተጽፏል። ይህን ያየ ሽማግሌ ጸሐፊ መነጽሩን አውልቆ ፈገግ ይላል። ይህ ፈገግታ ነው እንግዲህ በኋላ ዘመን ወደ ኮምፒዩተር የገባው።

እንዴት እንደ ገባ ለማስረዳት ወደ ስዊዘርላንድ እንሂድ። በቲቺኖ ካንቶን የአስፋልት ሥራ ተቋራጮች ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ የመንገድ ሥራውን ሁሉ ተስማምተው ይከፋፈሉት ነበር። ስምምነቱ ያበቃው በዚህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ቅጣት የሚጥለው አዲስ ሕግ በሙሉ ሥራ ላይ ሊውል በተቃረበ ጊዜ ነው፤ ወዲያውም ዋጋው በከፍተኛ መጠን ወደቀ። ከዚህ በኋላ የስዊስ የውድድር ኮሚሽን የጥናት ሰዎች የእነዚያን ዓመታት ዋጋዎች ሲመረምሩ እንደዚህ ያለ ነገር አገኙ። ለምሳሌ ያህል አምስት ተጫራቾች ቀረቡ እንበል። አሸናፊው 1,000,000 ቢል፣ ሁለተኛው 1,050,000፣ ሌሎቹም 1,055,000፣ 1,058,000፣ 1,060,000 ይላሉ። የተሸናፊዎቹ ዋጋ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ በአሸናፊውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለመሸነፍ የመጣ ሰው በስሕተት እንዳያሸንፍ ከአሸናፊው ራቅ ማለት አለበት፤ እጅግ ከራቀ ደግሞ ነገሩ ያስነውራል። በእውነት የሚወዳደሩ ሰዎች ዋጋ ግን የየራሳቸውን ሒሳብ ስለሚከተል ወዲያና ወዲህ የተበታተነ ነው።

ይህ የሒሳብ ምልክት በዚያው አገር በዜ-ጋስተር ወረዳ ተፈተነ። ምርመራው በ2013 የተከፈተው ጠቋሚ ስለ መጣ ሳይሆን፣ የቀድሞ ጨረታዎች አኀዝ ተሰልቶ አንድ የሚያጠራጥር ቡድን ስለ ተገኘ ነው፤ በ2016 ኮሚሽኑ በተቋራጮቹ ላይ ቅጣት ወሰነ። ደቡብ ኮሪያም በ2002 ግዥዋን ሁሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ ካስገባች በኋላ፣ ከ2006 ጀምሮ የውድድር መሥሪያ ቤቷ ከዚያ የሚመጣውን የጨረታ አኀዝ በራሱ እያሰላ ለጥርጣሬው ነጥብ የሚሰጥ ሥርዐት አቋቁማ ነበር። እስከዚህ ድረስ ግን ምልክቱን ለመሣሪያው የሚነግረው ሰው ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለወጠው ይህን ነው። ያለፉት ጨረታዎች፣ የሐቀኛውና የተንኰለኛው፣ ተለይተው ይሰጡትና ልዩነቱን ራሱ እንዲማር ይደረጋል። በ2019 ማርቲን ሁበርና ዴቪድ ኢምሆፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊዘርላንዱ አኀዝ በዚህ መንገድ ፈትነውት ከ100 ጨረታ 84ቱን በትክክል እንደ ለየ አስታወቁ።

ይህ ውጤት ታላቅ ነው። በመቶ ጨረታ መካከል ሰማንያ አራቱን ሰነድ ሳይገልጥ ለይቶ የሚነግረን የመዝገብ ሠራተኛ ብናገኝ ሹመት እንጠይቅለት ነበር። ሆኖም 16ቱን መርሳት አይገባም። ከነዚያ ከ16ቱ መካከል ምንም ሳያጠፋ ዋጋው ከባልንጀራው ዋጋ ጋራ በአጋጣሚ የተቀራረበበት ነጋዴ ይኖራል። ስሙ በጥርጣሬ መዝገብ ውስጥ ቢገባና ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ቢሸሸው፣ ልጆቹን የሚያሳድግበት እንጀራው ነው የሚቋረጠው። መሣሪያው የሚሰጠው ጥርጣሬን ነው እንጂ ፍርድን አይደለም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎች አገሮችም በየመንገዳቸው ሄደዋል። የብራዚል ፌዴራል የሒሳብ ፍርድ ቤት ከ2017 ጀምሮ «አሊስ» በተባለ መሣሪያ ይሠራል። አሊስ በየቀኑ የሚወጡትን የጨረታ ማስታወቂያዎች ታነብና የሚያጠራጥር ነገር ያገኘች እንደ ሆነ ለኦዲተሮች በኢሜል ታስታውቃለች። ጥቅሙ ውሉ ሳይፈረም መሆኑ ነው፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ኦዲተር ጅብ ከሄደ እንደሚጮኸው ውሻ ነውና። በዩክሬን ደግሞ የመንግሥት ግዥ ከ2016 ጀምሮ በሙሉ ለሕዝብ በሚታይ የኤሌክትሮኒክ ሥርዐት እንዲካሄድ ተደንግጎ ነበር። በ2018 የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የዚያ አገር ክፍል አንድ ሙከራ አደረገ። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎችን ሰብስቦ ብዙ ጨረታዎችን እያሳየ «ያጠራጥራል ወይስ አያጠራጥርም?» ብሎ ብቻ ጠየቃቸው። መልሳቸውን ይዞ ኮምፒዩተሩን አስተማረው። ያ የሽማግሌው ጸሐፊ ፈገግታ፣ ምክንያቱ በቃል ሳይነገር፣ ወደ መሣሪያው ገባ ማለት ነው። እንዲህ የተደረገውም በከንቱ አይደለም። የጥርጣሬ ምልክቶች ተዘርዝረው የታወቁ እንደ ሆነ አጭበርባሪው ዝርዝሩን አንብቦ ይሸሻቸዋልና። እንግዲህ የሻማው ጢስ እዚህም አለ።

ጢሱ በሌላ በኩልም ይታያል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገዥው ብቻ አይደለም፤ ሻጩም ይዞታል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጽሑፍ የሚጽፉ መሣሪያዎች ስለ ተስፋፉ፣ ቀድሞ አንድ ድርጅት ሳምንት ሙሉ የሚደክምበትን የቴክኒክ ሰነድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማዘጋጀት ተችሏል። ለትንሽ ነጋዴ ይህ በረከት ነው፤ ጠበቃና መሐንዲስ መቅጠር ሳይችል ከባለጸጋው ጋራ እኩል ያማረ ሰነድ ያቀርባል። ነገር ግን ያ ሦስቱን ፕሮፎርማ ያጋለጠው የፊደል ስሕተት ከእንግዲህ አይገኝም። ለአንድ ሰው ሦስት የተለያየ አጻጻፍ፣ ሦስት የተለያየ የዋጋ አበታተን አድርጎ የሚያዘጋጅለት መሣሪያ አለ። ሰነዱም ሲያምር ችሎታውን አያሳይም፤ ግንብ የማያውቅ ሰው ስለ ግንብ አሳምሮ ይጽፋል። ቮባን ቢነሣ ምን ይል ይሆን? የእንግሊዝ መንግሥት በማርች 2024 ለግዥ ሠራተኞቹ ባወጣው ማስታወሻ፣ ተጫራቹ ሰነዱን ሲያዘጋጅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅሞ እንደ ሆነ መጠየቅ እንደሚቻል አመልክቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልሱን የሚሰጠው ተጫራቹ ራሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የዓለምን ጆሮ የሳበው በአልባንያ የተደረገው ነው። በሴፕቴምበር 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዲ ራማ «ዲየላ» የተባለችውን፣ ስሟም ፀሐይ ማለት የሆነውን ሰው ሠራሽ ሚኒስትር ለመንግሥት ግዥ እንደ ሾሙ አስታወቁ። ዲየላ ቀድሞ በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ላይ ለባለ ጉዳይ መልስ የምትሰጥ ረዳት ነበረች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ፊት ጨረታ ሁሉ ከጉቦ ንጹሕ እንደሚሆን ተስፋ ሰጡ። በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ክፉ ተረት አለ፤ የዲየላ ደጋፊዎች ሐሳብ እንግዲህ ሆድ የሌለው ሹም አይበላም፣ ዘመድ የሌለው ሹም አያዳላም የሚል ነው። የተቃዋሚ ወገን እንደራሴዎች ግን ሚኒስትር ሰው መሆን አለበት ሲሉ በፓርላማ ውስጥ ታላቅ ሁከት አስነሡ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ዲየላን የሠራው የመንግሥት ኤጀንሲ የበላይ ኃላፊዎች ጨረታ በማዛባት ተጠርጥረው በቤታቸው እንዲታሰሩ ተደረገ። እነርሱ በደለኞች ናቸው ወይም አይደሉም ማለት የፍርድ ቤቱ ነው። እኛ የምንለው፣ መሣሪያው ሆድ ባይኖረውም የሚሠሩትና የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው፤ ጥርጣሬውንም ያነሣው በሕግ የተቋቋመ የሰው ዐቃቤ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ለኤሌክትሮኒክ ግዥ በር ከፍቶ ነበር፤ እርሱም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። በነዚህ ዓመታት መካከል የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዐት መግባት ጀምሯል። ሰሙና ሳጥኑ ቀስ በቀስ ከመሥሪያ ቤቶቻችን ሊሰናበቱ ነው። ይህ ለውጥ አንድ ከባድ ነገር አብሮ ያመጣል። በወረቀት ዘመን የጨረታ መዝገብ ግምጃ ቤት ገብቶ አቧራ ይለብስ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋራ፣ በስንት ዋጋ እንደ ተወዳደረ ሁሉ ይከማቻል። የስዊዘርላንዱ ሒሳብ በእኛም አኀዝ ላይ ሊሠራ የሚችልበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ያ ቀን ሲመጣ ነገሩ የሚፈተነው በአሸናፊው ላይ አይደለም፤ አሸናፊ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የተሸነፈው ነው። በሕጋችን የወደቀ ተጫራች ለምን እንደ ወደቀ የማወቅና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። እኛ የኮሚቴ ሰዎች ያንን የመልስ ደብዳቤ መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። «በተራ ቁጥር 7 የተጠየቀውን የሥራ ልምድ ማስረጃ አላቀረቡም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ባለጉዳዩም ማስረጃውን አውጥቶ ይከራከራል፤ ተረትቶም ቢሆን ተረድቶ ይሄዳል። «መሣሪያው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቶዎታል» ተብሎ ቢጻፍለት ግን ከማን ጋራ ይከራከራል? ከመሣሪያ ባለሙያዎችም አንዳንዶቹ በልምድ የተማረ መሣሪያ ለምን እንዲህ እንዳለ መተንተን ለሠሪውም እንደሚያስቸግር ይናገራሉ።

ስለዚህ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በግዥ ውስጥ መመሪያ በሚጻፍበት ጊዜ እነዚህ ነገሮች ቢገቡ ብለን እናስባለን። የመሣሪያው ጥቆማ ለመርማሪ እንጂ ለግምገማ ኮሚቴ አይሰጥ፤ ኮሚቴው ነጥቡን አስቀድሞ ካየ ሰነዱን በሙሉ ዓይን አያነብምና። ለተሸናፊው የሚሰጠው ምክንያት ከሰነዱ ገጽ ተጠቅሶ፣ ስሙንና ማዕርጉን በጻፈ ሰው ፊርማ ይውጣ። ጥቆማ ደርሶት ምርመራ ያልጀመረ ኃላፊም ለምን እንዳልጀመረ በጽሑፍ ይግለጽ፤ የሮማው ሴኔት ዝም ያለበት ወንበር በየመሥሪያ ቤቱ አለና። መሣሪያውም ራሱ በጨረታ የሚገዛ ዕቃ ስለ ሆነ፣ እነዚህ አንቀጾች የእርሱ የጨረታ ሰነድ ከመሸጡ በፊት ቢጻፉ ይሻላል።